አጎቴ እና ባሌቱ
መካነ ሰላም አዳራሽ ውስጥ ከታወቀ ልብ ወለድ የተሠራ ባሌት ይታያል ሲባል አጎቴን ጋሽ ይማምን ይዣቸው ሄድኩ። ጋሼ የማያውቁት ሰው እንኳ ሲጣላ አይተው የማያልፉ ሽማግሌ ናቸው። መድረኩ ላይ ባልና ሚስት ይሽከረከራሉ፤ ቃል ግን አይወጣቸውም።

«ምነው አይነጋገሩም?»

«ባሌት እንዲህ ነው ጋሼ፣ በዳንስ ብቻ ነው።»

«ኧረ ተኳርፈው ነው!»

መጋረጃው ለእረፍት ሲዘጋ «ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ» ብለውኝ ወጡ። እንደገና ሲከፈት ባልና ሚስቱ አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል፤ መሐላቸው አጎቴ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል።

«ታርቀዋል! ወልደው ይሳሙ፣ አሚን በሉ!»

አዳራሹ በሙሉ «አሚን!» አለ። ዳንሰኞቹ ምን ያድርጉ? የጋሼን ጉልበት ስመው ተቃቀፉ።

ልብ ወለዱን ያነበብኩት እኔ ብቻ ነበርኩ መሰል፤ ሴትየዋ መጨረሻ ላይ መሞት እንደነበረባት እስከ ዛሬ ለማንም አልተነፈስኩም።