ከአጥሩ ወዲህ የወረደው ወይን

መርሳ ላይ ዘር ጣል ያደረገ ሰው ሥራው አልቋል፤ የቀረውን መሬቱ ይጨርሰዋል። ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ብርቱካኑ በየጓሮው ነው። አውቶቡስ በቆመ ቁጥር ተሳፋሪው በመስኮት አንገቱን አውጥቶ የሚከራከረው በእነዚህ ዋጋ ላይ ነው። ወይን ግን በእኛ ሰፈር አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም የእኔ አልነበረም። የጎረቤቴ የሐጂ ነው። ግንዱ እሳቸው ጓሮ ቆሟል፤ ሐረጉ ግን ፀሐይ ፍለጋ አጥሩን ተሻግሮ ወደ እኛ ወረደና ዘለላውን ሁሉ የሚያንጠለጥለው በእኛ በኩል ሆነ። ከወልድያ ተዛውረን በገባንበት ዓመት ሐጂ ከአጥሩ ማዶ ሆነው፣ «ልጄ፣ ወዳንቺ የወረደው ያንቺ ነው፤ ብዪው» አሉኝ። በላሁት። ቆይቼ ደግሞ ጠጣሁት።

የመጠጡ ነገር የመጣው ከባቡሩ ጋር ነው። የባቡር ሐዲዱ ወደ ሐራ ሲዘረጋ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወልድያ ያለውን ቤታችንን ተከራይቶ ነበር። ሲለቅ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ሰጠን። ባለቤቴ የአረቄ ሰው ስለሆነ አንዴ ቀመሰና ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋው። እኔ ከዚያ በፊት የማውቀው ወይን ወይ እንደ ሽሮፕ የሚጣበቅ ነበር፣ ወይ ግንባር የሚመታ። ይሄኛው ግን ቀለል ያለ ነው። ከብርጭቆው ማዶ ያለው ሰው ይታይበታል፤ አፍ ውስጥ ሲገባ ፍሬ ፍሬ ይላል። መሐንዲሱ እንደነገረኝ ከአንድ አካባቢ ከተለቀመ ወይን ብቻ ነው የሚሠራው፤ የጎረቤት አካባቢ ወይን ከገባበት ስሙን ያጣል፤ ዓመታት ሳይቀመጥ፣ ቀዝቀዝ ብሎ ይጠጣል። አካባቢ ማለት ምን ያህል ነው ብዬ ስጠይቀው ያስረዳኝ ስፋት ከወረዳችን ከሀብሩ ብዙም የሚበልጥ አልመሰለኝም። ወረዳስ እኛም አለን አልኩ በልቤ።

እኔ አንድ ነገር ልቤ ከገባ አልለቅም። ባለቤቴ ይሄን ጠባይ ችክ ማለት ይለዋል፤ እኔ ጽናት እለዋለሁ። ደግሞስ ሠላሳ ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። እርሾ ስኳር እየበላ አልኮል እንደሚያወጣ ለስንቱ አስጽፌያለሁ። እንዲያም ሆኖ የመጀመሪያው ዓመት ወይኔ ኮምጣጤ ሆነና ሰላጣ በላንበት። በሁለተኛው ዓመት ግን ቀይ፣ ቀለል ያለ፣ ፍሬ ፍሬ የሚል ነገር ደምጃን ውስጥ ተገኘ። የሀብሩ ወረዳ ወይን ብዬ ስም አወጣሁለት። ባለቤቴ ቀምሶ፣ «ቀለም የገባበት ውሃ ነው» አለ። በጠጇ ወልድያን ያንበረከከችው እህቴ ደግሞ ምላሷን ጠቅ አድርጋ፣ «ጌሾ አንሶታል። ብትፈቅጅልኝ ትንሽ ጣል ላርግበት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እህቴ ልትጠይቀኝ በመጣች ቁጥር የጓዳውን በር እቆልፋለሁ።

ስለ ወይኑ ያልነገርኩት ለሐጂ ብቻ ነው። በዚያ በክፉው የጦርነት ጊዜ ቤታችንን ጥለን ስንወጣ ቁልፋችንን የያዙልን፣ ተመልሰን ስንመጣ ዕቃችንን ቆጥረው ያስረከቡን እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን ሙሉ ቅርጫት ወይን ይዤ ስገባ በአጥሩ በላይ አይተውኝ፣ «ይህን ሁሉ ምን ታደርጊዋለሽ ልጄ?» አሉ። «ማርማላታ» አልኩ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። ወሎ ተወልጄ፣ ከእስላም ልጆች ጋር አንድ ትሪ ላይ እየበላሁ አድጌ፣ ለእስላም መጠጡን መጠጣት ብቻ ሳይሆን ፍሬውን እያወቀ ለመጠጥ መስጠትም እንደሚከብደው ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። ስለማውቅ ነው የዋሸሁት።

ውሸት ደግሞ ቀለብ ይፈልጋል። በየዓመቱ ጥቂት ዘለላ ከወይኑ ቀንሼ አንድ ጠርሙስ ማርማላታ ሠርቼ እወስድላቸው ጀመር። «ማሻአላህ» ይላሉ በማንኪያ ቀምሰው። ቀጥለው ጠርሙሱን ያገላብጡና፣ «ግን ልጄ፣ ከዚያ ሁሉ የወጣው ይቺው ናት?» ይሉኛል።

«እሳት ላይ ሲውል ይቀንሳል ሐጂ።»

«በጣም ነው የሚቀንሰው» ይላሉ አዝነውልኝ።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይህን ለባለቤቴ እየነገርኩ አብረን እንስቅ ነበር። እያደር ግን ማዘናቸው ይቆረቁረኝ ጀመር።

የልጄ ሠርግ ሚያዝያ ላይ ዋለ። ወይኑ ያን ዓመት ከልኩ በላይ አፍርቶ ነበር። በእኛ አገር ድግስ ሲደገስ ድንኳኑ ሁለት ነው። ለእስላሞቹ ከብቱ በእነሱ እጅ ይታረዳል፣ ወጡ በእነሱ ሴቶች እጅ ይሠራል፣ የሚጠጡትም ለብቻው ይሰናዳል። ብዙ ጊዜ የማያሰክረው የገብስ ቀሪቦና ለስላሳ ነው። ያን ቀን የሚያርዱትም፣ በዚያ ድንኳን ራስጌ የሚቀመጡትም ሐጂ ናቸው። እኔም በገዛ ወይናቸው ላክብራቸው ብዬ ተነሳሁ። ቀሪቦ የትም አለ፤ የወይን ጭማቂ ግን ማን ቤት ጠጥተው ያውቃሉ? እውነቱን ለመናገር ለማርማላታው ውሸት ካሳ እንዲሆንልኝም አስቤ ነበር።

ስሕተቴ እዚህ ላይ ነው። የድግስ መጠጥ በእኛ ዘንድ ቀድሞ ነው የሚደርሰው። ጠጁ፣ ጠላው ሰንብቶ፣ ቀሪቦው አድሮ ነው የሚቀርበው፤ እንግዳ መግባት ሲጀምር መጠጥ ስትጨምቅ የተገኘች ሴት ዕድሜ ልኳን ይሳቅባታል። እኔም ለእሑዱ ሠርግ ወይኑን ሐሙስ ጨመቅሁት። ፍሪጁን ሥጋ ሞልቶታል። ስለዚህ ጭማቂውን በጀሪካን አድርጌ፣ ክዳኑን አጥብቄ፣ ጓዳ ከወይን ደምጃኖቼ አጠገብ አስቀመጥኩት። በሚያዝያ ሙቀት፣ በመርሳ፣ ሦስት ሌሊት። ተማሪዬ ይህን መልስ ቢጽፍልኝ ዜሮ ነበር የምሰጠው።

እሑድ ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፣ ሁለቱም ድንኳን ሞላ። ጭማቂውን አስተናጋጆቹ ከጀሪካኑ በጆግ አመጡልኝ፤ የሐጂን ብርጭቆ ግን እኔ ራሴ ነኝ የቀዳሁት። «ከእርስዎው ወይን ነው ሐጂ፤ ጭማቂ ነው» አልኩ ሁሉም እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው ቀለሙን አደነቁ። ለሌሎቹም ተቀዳ፤ ግን ትልቅ ሰው ሳይጠጣ ማንም አይጠጣም፤ ሐጂ ደግሞ ዱዓ ሳያደርጉ አይጠጡም። የሐጂ ዱዓ ረጅም ነው። ሌላ ጊዜ ወጡ ይቀዘቅዛል ብዬ የምቁነጠነጥበት ያ ርዝመት ያን ቀን ባለውለታዬ ሆነ። እሳቸው ሙሽሮቹን ሲመርቁ እኔ በኩራት ብርጭቆውን ሳይ፣ ከሥር ቀጫጭን አረፋ እየተከታተለ ሲወጣ፣ ጠርዙ ላይም ቀለበት ሠርቶ ሲቀመጥ አየሁ። ያንን አረፋ ስምንት ዓመት ጓዳ ውስጥ ቁጢጥ ብዬ ስጠብቀው የኖርኩ ነኝ። ጭማቂ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይሄ ግን ሥራ ይዟል።

«አሚን» ተባለ። «ቢስሚላህ» ብለው ብርጭቆውን ከከንፈራቸው ሊያገናኙ ሲሉ እጄ ከሐሳቤ ቀደመ። ብርጭቆው ተመቶ ወደቀ፤ ነጩ ጀለቢያቸው ከደረት እስከ ጉልበት ቀላ። «ማንም እንዳይጠጣ» አልኩ።

 በሠርግ ቀን፣ በሰው ፊት፣ የሽማግሌን ብርጭቆ ከአፋቸው ላይ መምታት ነው እንግዲህ። ልጆቻቸው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ሐጂ እጃቸውን ዘርግተው አስቀመጧቸው።

«ምን ገብቶበት ነው ልጄ?»

ዝንብ ልል አፌን ከፍቼ ነበር። «ፈልቷል ሐጂ። ወይን ጠጅ ሆኗል፤ ያሰክራል» አልኩ።

«በዓይንሽ አይተሽ በምን ለየሽው?»

የባዮሎጂ አስተማሪ ስለሆንኩ ብል ይበቃ ነበር። ከድንኳኑ ግማሹን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ማንም አይጠራጠርም። ግን የጠየቁኝ በዚያው ስለ ማርማላታው በሚጠይቁኝ ድምፅ ነው፤ ምንም ተንኮል የለበትም። መዋሸት ሰለቸኝ።

«በየዓመቱ ስለምሠራው ነው። ከእርስዎ ወይን በየዓመቱ ወይን ጠጅ እጥላለሁ። ማርማላታው ያቺ አንድ ጠርሙስ ብቻ ናት።»

ሐጂ አልተቆጡም። ውሃ አስመጥተው እጃቸውን ታጠቡ። «ምግቡ አይቀዝቅዝ፤ ብሉ» ብለው ሰውን ሁሉ አስበሉ፤ ራሳቸውም በሉ። ሲወጡ የልጄን ግንባር ስመው መርቀው ሄዱ። እኔን ግን ቀና ብለው አላዩኝም። ከዚህ ሰው ጋር ከእንግዲህ በአጥር በላይ ሰላም መባባል ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩና በልጄ ሠርግ ቀን ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

እህቴ በበኩሏ ነገር አታባክንም፤ ጀሪካኑን አንጠልጥላ ወደ እኛ ድንኳን ወሰደችው። ምላስ ላይ ቆንጠጥ የሚያደርግ፣ ቀለል ያለ፣ ፍሬ ፍሬ የሚል ነገር ሆኗል። የባለቤቴ አጎቶች እየተቀባበሉ ጨረሱት። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አስቀድቶ፣ «አሁን ገና ወይን ሠራሽ» አለኝ። ስምንት ዓመት ስለፋ ከአፉ ያልወጣ ምስጋና በስሕተት መጣ። እኔ ግን አንድ ጉንጭ አልቀመስኩም።

ሰኞ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ የመጋዝ ድምፅ ሰማሁ። ቆረጡት አልኩ። በነጠላ ጫማ ሮጬ፣ በርጩማ ላይ ወጥቼ፣ «ሐጂ፣ ወይኑ ምን አጠፋ? ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሐጂ ከወይኑ ሥር ቆመው ቀና አሉ። «አንቺ ደግሞ ሳታዪ ነው የምትጮኺው። ይልቅ ተቀበዪኝ።»

በረጠበ ጆንያ የተጠቀለለ ነገር በአጥሩ ላይ አቀበሉኝ። ስፈታው፣ ቡቃያ የሚያወጣው ዓይን ዓይኑ ተመርጦ የተቆረጠ ሰባት የወይን እንጨት ነው። ግንዱ በቦታው ቆሟል። ወደ እኛ የወረደውን ሐረግ ግን ሰብስበው ወደ ራሳቸው ጓሮ በገመድ አስረውታል።

«ሳስበው ነበር» አሉ። «ትናንት ዝም ብትዪ እጠጣው ነበር። የሚያውቀው አላህና አንቺ ብቻ ነበራችሁ፤ የደበቅሽውም አይወጣብሽም ነበር። አንቺ በልጅሽ ሠርግ ራስሽን አዋርደሽ እኔን ከሐራም መለስሽኝ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ለስንቱ ተሰጠ?» የሐረጉን ገመድ ጠበቅ አድርገው ቀጠሉ። «ግን ካወቅሁ ወዲህ ፍሬዬን ለመጠጥ መስጠት አልችልም ልጄ። እጠየቅበታለሁ። ለመብላት ስትፈልጊ በር አለ፣ አንኳኪ። ይህን ደግሞ በራስሽ መሬት ትከዪው። እዚያ የበቀለው ያንቺና የፈጣሪሽ ጉዳይ ነው።»

እንባዬ እየወረደ እንኳ ክርክር አይለቀኝም። «ሐጂ፣ ይሄስ ያው አይደለም እንዴ?» አልኩ።

«እኔ የሰጠሁሽ እንጨት ነው» አሉ መጋዛቸውን እየጠረጉ። «ፍሬውን የሚሰጥ ሌላ ነው።»

ከሰባቱ ሦስቱ ጸደቁ። በሦስተኛው ዓመት አፈሩ። ወይን ጠጁ ይቆይልኝ ብዬ የመጀመሪያውን ቅርጫት እንደለቀምኩት፣ እጄን እንኳ ሳልታጠብ፣ በራቸውን አንኳኳሁ። ሐጂ ቅርጫቱን ተቀብለው አጎንብሰው አሸተቱት።

«መቼ ነው የተለቀመው?»

«አሁን። ሩብ ሰዓት አልሆነውም።»

አንድ ፍሬ በጥሰው ቀመሱ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ማርማላታውስ?» አሉ።

«የቱ ማርማላታ ሐጂ?»

«ያ በየዓመቱ የምታመጪልኝ ነዋ። እሱን ለምን ታስቀሪብኛለሽ? ያጠፋው ውሸቱ ነው እንጂ ማርማላታው አይደለም።»

በማግሥቱ ከተለቀመው ግማሹን እሳት ላይ ጣድኩት። ሰባት ጠርሙስ ሞላ። ሁሉንም በትሪ ይዤላቸው ሄድኩ። ሐጂ ጠርሙሶቹን መደቡ ላይ አንድ በአንድ ደርድረው ብዙ አዩዋቸውና፣ «ለካ ያን ያህልም አይቀንስም» አሉኝ።