ያስና ለልጆቹ ያሳየችው ጉድጓድ

ታናሽ እህቴ ያስና ባሕር ዳር ድንጋይ ላይ ስትሄድ ያያት ሰው ቤቷ ውስጥ የምትንጎራደድ ይመስለዋል። እኛ ሌሎቻችን እየተጠነቀቅን፣ በእጃችን እየተደገፍን ነው የምንሻገረው። እሷ ቅርጫቷን በጀርባዋ አዝላ፣ ወሬ እያወራች፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ዞራ እየሳቀችብን ትዘላለች። እናታችን ከሞተች በኋላ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ትምህርቴን በአራተኛ ክፍል ያቆምኩትም ያኔ ነው። እሷን እስከ ስምንተኛ አድርሻታለሁ። ከዚያ ወዲያ እዚህ መንደር ትምህርት ቤት የለም፤ እሷም ከተማ ሄዳ ሰው ቤት ማደር አልፈለገችም። ስለዚህ እንደ ሁላችንም ኮቻዩዮ የሚባለውን የሚበላ የባሕር አረም ትለቅማለች። ባሕሩ ሲሸሽ ወፍራሙን አረም ከድንጋይ ላይ በቢላ ትቆርጣለች፣ አሸዋው ላይ ታሰጣለች፣ ሲደርቅ አስራ ለነጋዴ ትሰጣለች። ወገብ የሚሰብር ሥራ ነው። እኔ ወገቤ እንቢ ሲለኝ ትቼው፣ ኮረብታው ላይ የሚከራዩትን የእንጨት ቤቶች ማጽዳት ጀመርኩ።

የእንጨት ቤቶቹ የሴኞራ ሚርታ ናቸው። በጥርና በየካቲት ከዋና ከተማው ከሳንቲያጎ በሚመጡ እንግዶች ይሞላሉ። ወላጆቹ ማታ አምሽተው ጠዋት መተኛት ይፈልጋሉ፣ ልጆቹ ደግሞ ገና ሳይነጋ በር ለበር ይሯሯጣሉ። ሴኞራ ሚርታ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ሰብስቦ ባሕር ዳር የሚወስድ፣ ስለ ባሕሩም የሚያስተምር ሰው አጥታ ስትጨነቅ የእህቴን ስም የጠራሁት እኔ ነኝ። ወገቧ እንደኔ ሳይሆን አንድ በጋ እንኳ ይረፍ ብዬ ነው።

ያስና መጀመሪያ ሳቀች። "ማስተማር? እኔ እኮ ስምንተኛን ራሱ ወድቄ ነው ያለፍኩት" አለችኝ። የምታይውን ንገሪያቸው፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል አልኳት። ሆኖም የመጀመሪያው ጠዋት ቁርስ ሳትበላ ነው የወጣችው።

ከሳምንት በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነች። ልጆቹ አክስት ያስና ይሏታል፤ ትንንሾቹ እጇን ለመያዝ ይጣላሉ። ሕጎች አወጣችላቸው። ለባሕር ጀርባ አይሰጥም። የሚዳሰስ ነገር ሁሉ እጅ ሳይረጥብ አይዳሰስም። ከሁሉም በላይ ግን የድንጋዩ ሕግ ነበር። ድንጋይ ስትገለብጡ የሰው ቤት ጣሪያ እያነሳችሁ ነው ትላቸው ነበር፤ ሸርጣኑንም ቀንድ አውጣውንም አይታችሁ ስትጨርሱ ጣሪያውን እንደነበረ መልሱ። አንድ ልጅ የባሕር ኮከብ ይተኛል ወይ ብሎ ቢጠይቃት፣ አንተ ጠይቀውና ለእኔም ንገረኝ አለችው። ልጁ ጠዋቱን ሙሉ በሆዱ ተኝቶ ኮከቡን ሲጠብቅ ዋለ። ይህን ማታ ስትነግረኝ ዓይኗ ያበራ ነበር። ብዙ ዓመት እንደዚያ አላየኋትም።

አሁን ስለ አሮጊቷ ዶኛ ኦርፌሊና ልናገር። ጠላቂ የነበረው ባሏ ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው፣ ልጅ የላትም፣ ዓይኗ ላይ ደመና ወርዷል። እኔ ሰው ቤት ልብስ ሳጥብ ያስናን ይዛ ባሕር የምትወርደው እሷ ነበረች። ድንጋዩን ያስተማረቻት እሷ ናት። የምትተዳደረው ደግሞ ባሕር ዳር ድንጋይ ሥር ባለ በአንድ ጉድጓድ ነው። ኦክቶፐስ የሚወደው ጉድጓድ አለ፤ አንዱን አውጥተህ ብትወስድ ከጥቂት ቀን በኋላ ሌላው መጥቶ ይገባበታል። እኛ ቤት እንለዋለን። ቤት ያገኘ ሰው እንደ መሬት ይይዘዋል፣ ሲያረጅም ለሚወደው ያስረክበዋል። በጣት አይጠቆምም። ሰው ባለበት ጊዜ በአጠገቡ ስታልፍ ፊትህን ወደ ሌላ ታዞራለህ። ባል ለሚስቱ፣ ሚስትም ለባሏ አትነግርም። የዶኛ ኦርፌሊናን ቤት እናቷ ናት ያወረሰቻት፣ ባለፈው ክረምት ደግሞ ዓይኗ እየደከመ ሲመጣ ያስናን ክንዷን ይዛ ወስዳ አሳየቻት። እኔ ስደክም ያንቺ ይሆናል ብላታለች። ያስና ይህን ለእኔም አልነገረችኝም ነበር።

ከልጆቹ መካከል ሬናታ የምትባል ዝምተኛ ልጅ ነበረች። ስለ ሌላው ምንም አትጠይቅም፤ በየጠዋቱ ኦክቶፐሱ የት ነው ትላለች። ሌሎቹ ይቀልዱባት ጀመር፤ ያንቺ ኦክቶፐስ ቆርቆሮ ውስጥ ነው፣ ሱቅ ሄደሽ ግዢው ይሏታል። ልጅቷ አትመልስም፣ ነገር ግን በማግስቱ እንደገና ትጠይቃለች። ሊሄዱ ነው የተባለበት ጠዋት ላይ የያስና አንጀት አልቻለም።

እንዴት እንዳሰበችው ገብቶኛል፣ ምክንያቱም ሁላችንም እንደዚያው ነን። ቤትን የምንደብቀው ከጎረቤት ነው። የምንፈራው መንጠቆ የያዘውን፣ ድንጋዩን የሚያውቀውን ሰው ነው። የበጋ እንግዳ ፊት ግን የባሕር ወፍ ፊት እንደምናወራ ሁሉን እናወራለን። ስንጥቅ ከስንጥቅ አይለይም፣ ነገ ወደ ከተማው ይሄዳል ብለን ነው። እኔም ብሆን አሳያት ነበር።

ልጆቹን በአሸዋው ዞራ፣ በትልቁ ጥቁር ድንጋይ ጀርባ ወዳለው ወደ ዶኛ ኦርፌሊና ቤት ወሰደቻቸው። ጉድጓዱን የከደነችውን ጠፍጣፋ ድንጋይ አነሳች፣ በሩ ላይ የተጠራቀመውን የሸርጣን ቅርፊት አሳየቻቸው። ጥራጊውን ደጃፉ ላይ የሚጥል ሰነፍ ባለቤት ነው፣ የሚኖርበት በዚህ ይታወቃል አለቻቸው። ከዚያ በጣቷ ወደ ውስጥ ጠቆመች። መጀመሪያ ዓይኑ ታየ። ሬናታ እጇን አርጥባ ጣቷን ዘረጋች፣ ከውስጥ አንድ ቀጭን ክንድ ቀስ ብሎ ወጥቶ ጣቷን ጠመጠመ። ልጅቷ ሳቀች። በጋውን ሙሉ ስትስቅ ያኔ ብቻ ነው የተሰማችው።

ሬናታና ቤተሰቧ በዚያ ቀን አልሄዱም፤ መኪናው ተበላሽቶ እስኪጠገን አንድ ቀን አደሩ። አባትየው ክፉ ሰው አይደለም። ሳጸዳ እግሩን ያነሳልኛል፣ አመሰግናለሁ ይላል። ሬናታ ስለ ኦክቶፐሱ የነገረችውን ሰምቷል፤ በረኪና ቢፈስበት ራሱ ይወጣል ያለውን ሰው ግን ከየት እንዳገኘው አላውቅም። በማግስቱ ቀትር ላይ ቤቱን ላጸዳ ስሄድ ደጃፉ ላይ እሳት አንድደው ኦክቶፐስ ይጠብሱ ነበር። ቁራሽ ዳቦ ላይ አድርጎ ለእኔም ሰጠኝ። በላሁ። ከወጥ ቤቱ ማጠቢያ ሥር ያስቀመጥኩት የበረኪና ጠርሙስ ባዶ ሆኖ ሳገኘው፣ የልጆቹን ሸራ ጫማ አጥበውበት ይሆናል ብዬ ሌላ ተካሁ።

ማታ ላይ መኪናው ሲጫን ሬናታ ያስናን ልትሰናበት ወደ ቤታችን ሮጣ መጣች። ደጅ ላይ ቆመው ነበር፤ እኔ መስኮቱ ጋ ሆኜ እሰማለሁ።

"አክስት ያስና፣ አባቴ ኦክቶፐሱን አወጣው" አለቻት። "በረኪና ሲያፈስበት ብቻውን ወጣ። ነጭ ሆኖ ነው የወጣው።"

ያስና ወደ ባሕሩ አየች።

"ድንጋዩን ግን መልሻለሁ" አለች ልጅቷ። "እነሱ ሊረሱት ነበር፣ እኔ ነኝ የመለስኩት።"

ያስና ልጅቷን ጭንቅላቷን ዳበሰቻት፣ ጎበዝ አለቻት፣ መልካም መንገድ አለቻት። መኪናው ከኮረብታው ሲወርድ ግን እዚያው ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ሁሉን ያኔ ነገረችኝ።

በማግስቱ ባሕሩ ሲሸሽ ሄዳ አየችው። ድንጋዩ በቦታው ነው። ሥሩ ግን ሸርጣኑ በጀርባው ወድቆ፣ ቀንድ አውጣው ከድንጋዩ ረግፎ፣ አረሙ እንደ አሮጌ ጨርቅ ነጥቶ ነበር። የበረኪናው ሽታ አልለቀቀም። እዚያ እያለች ዶኛ ኦርፌሊና በበትሯ እየነካካች መጣች። ያስና ጥቁሩ ድንጋይ ጀርባ ተሸሸገች። አሮጊቷ ማንም እንደማያያት ለማወቅ ጆሮዋን ሰጥታ ቆመች፣ ከዚያ ጎንበስ ብላ እጇን ሰደደች። እጇን አውጥታ አሸተተችው። ቀሚሷ ላይ ጠረገችው፣ እንደገና አሸተተችው፣ መንጠቆዋን አንስታ ሄደች።

እኔ ዝም በይ አልኳት። ባሕሩ ያጥበዋል፣ ነግረሽ የምትጠቅሚው ሰው የለም አልኳት። እኔ የማውቀው አኗኗር ይኸው ነው፤ ያለፈውን ትተው ሥራ ይሠራሉ። እሷም ልጆቹን መውሰዷን ቀጠለች፣ ግን ሩቅ ወዳለው አሸዋ ነበር የምትወስዳቸው። ድንጋይ አላስገለበጠቻቸውም። ኦክቶፐስ የት ነው ያላት ልጅ ቢኖር ጥልቅ ውኃ ውስጥ ነው ትለዋለች።

ዶኛ ኦርፌሊና ባሕር መውረድ አቆመች። ለማንም አልተናገረችም፣ ማንንም አልከሰሰችም። ሰው ታመመች አለ። ዳቦ ጋግሬ ልጠይቃት ሄድኩ። መንጠቆዋ ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ቦት ጫማዋ የለም፤ ለጎረቤት ሰጥታዋለች። የወንድሟ ልጅ በየካቲት መጨረሻ መጥቶ ወደ ኮኪምቦ ከተማ ሊወስዳት ነው፣ አንድ ክፍል አለው። ዳቦውን በእጇ እየዳበሰች፣ ያለ ምንም ቁጣ ነው ያወራችኝ። ቤቷን ያጠፋችው ራሷ እንደሆነች ነገረችኝ። ዓይኔ ደክሞ አልተጠነቀቅኩም፣ ቤቱ ላይ ቆሜ ሳፈጥጥ የሆነ ሰው ከኋላዬ ተከትሎኝ አይቷል አለችኝ። እናቴ ያለ አንድ ስህተት የጠበቀችውን እኔ በእርጅናዬ አጠፋሁት፣ እንዲህ ያለ ሰው ባሕር ዳር ምን ይሠራል አለች። እኔ ሻዬን ጠጣሁ። አይዞዎት፣ ይሄ ያለ ነው ብያት ወጣሁ።

ለያስና ባልነግራት ይሻል ነበር። ግን በጠባብ ቤት ውስጥ ፊት አይደበቅም፣ ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት።

ሳህኑን ገፋችው። "ራሷን ነው የምትከሰው?" አለችኝ።

"ይለቃታል" አልኳት። "ከተማ ስትገባ ትረሳዋለች።"

"አንቺ ኮኪምቦ ብትሄጂ ይህን ባሕር ትረሺዋለሽ?"

መልሴን ሳትጠብቅ ተነስታ ወጣች። ፎጣዬን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ተከተልኳት፤ ላስቀራት ነው ወይስ ብቻዋን እንዳትሆን፣ አሁንም አላውቅም። የዶኛ ኦርፌሊና በር ክፍት ነበር። ያስና ደፉ ላይ ቆመች፣ እኔ ከአጥሩ ወዲህ ቀረሁ።

"ዶኛ ኦርፌሊና፣ እኔ ነኝ።"

"ሰምቼሻለሁ፤ ግቢ ልጄ፣ ንፋስ ነው።"

"አልገባም። ቤቱን ያሳየሁት እኔ ነኝ። ለልጆቹ።"

ውስጥ ወንበር ተንቀሳቀሰ። "ለየትኞቹ ልጆች?"

"ለበጋ እንግዶቹ። አንዷ ልታየው ስለፈለገች። አባቷ በረኪና ይዞ መጣ።"

"በጣትሽ ነው ያሳየሽው?"

"በጣቴ።"

ያስና ይቅርታ ለማለት አፏን ከፈተች፣ ግን አልወጣላትም።

"እኔን የተከተለኝ የለም ማለት ነው" አለች ዶኛ ኦርፌሊና በመጨረሻ።

"ማንም አልተከተለዎትም።"

"ቆሜም አላፈጠጥኩም።"

"አላፈጠጡም። እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው በሩን ዝጊው፣ ያስና" አለቻት። "እኔ ቤት ንፋስ ገብቷል።"

ያስና በሩን ከውጭ ሆና ዘጋችው። ወደ ቤት ስንመለስ አላለቀሰችም። እኔም ልወቅሳት አልቻልኩም፤ ዝም በይ ያልኳት እኔ፣ ኦክቶፐሱን በዳቦ የበላሁት እኔ፣ ሥራውን ያገኘሁላትም እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ባሕሩ በሸሸ ጊዜ ዶኛ ኦርፌሊና በሰው ቦት ጫማ፣ መንጠቆዋን ይዛ ወረደች። የሰጠችውን ለመመለስ አፍራ ከሌላ ሰው ተውሳ ነው። የወንድሟ ልጅ መጥቶ ብቻውን ተመለሰ። አሁን በስተደቡብ ባለው ድንጋይ በኩል ስትነካካ ትውላለች፤ አዲስ ቤት ታግኝ አታግኝ የሚያውቅ የለም፣ አይጠየቅምም። ከያስና ጋር መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ትላታለች። ስሟን ጠርታ፣ እንደ ሌላው ሰው። ልጄ አትላትም።

ዘንድሮም ሴኞራ ሚርታ ያስናን ጠርታታለች። ሄደች፤ መተው አንችልም። ልጆቹ አሁንም ይወዷታል፣ ጀርባ ለባሕር አይሰጥም ትላቸዋለች። በጥቁሩ ድንጋይ በኩል ሲያልፉ ግን ፊቷን ወደ ውኃው አዙራ ትፈጥናለች። የድሮው ልማድ ነው ወይስ ማየት አቅቷት፣ አልጠየቅኳትም።