ለራሴ የተነሣሁበት ቀን

የዚያን ቀን ጠዋት ለራሴ ብድግ ብዬ «ኖር!» አልኩ። ሰው ለቄስ ይነሣል፣ ለሼህ ይነሣል፣ ለአማቱ ይነሣል። ለገዛ ድምፁ የተነሣ ሽማግሌ ግን ከተማችን ገንዳ ውሃ ከእኔ በፊት አላየችም፤ ከእኔ በኋላም የምታይ አይመስለኝም። መነሣቴ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ስነሣ ዓይኔ ላይ የታሰረው መነጽር ገመዱን ሳበ፣ ገመዱ ላፕቶፑን ሳበ፣ ላፕቶፑ ከጠረጴዛው ወረደ።

ነገሩን ከሥሩ ላውራው። የወንድሜ ልጅ በከተማችን የኮምፒውተር መምህርት ናት። ከክፍል መልስ፣ ሌላው ሰው ነፋስ ፍለጋ ደጅ ሲቀመጥ፣ እሷ ቤት ዘግታ ብቻዋን የኮምፒውተር ጨዋታ ትሠራ ነበር። ተጫዋቹ ከደጋ ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ ሠራተኛ ይሆናል። ከእርሻ እርሻ ይዞራል፣ ከሰው ጋር ይነጋገራል፣ ማንን አምኖ ከማን ጋር እንደሚውል ራሱ ይመርጣል፤ ዕጣውም እንደ ምርጫው ነው። እኔ ጡረታ የወጣሁ የአማርኛ አስተማሪ ስለሆንኩ በጨዋታው ውስጥ ያለውን የሽማግሌ ንግግር እንድጽፍላት ጠየቀችኝ። ጻፍኩ። ከዚያ ደህና አድርጎ የሚያነበው ሰው ጠፋ ብዬ ራሴ አነበብኩት፤ በስልኳ ቀዳችው። የሚያነብስ ሞልቶ ነበር። አልሰጥም ብዬ ነው።

ጨዋታውን ከከተማችን ውጭ ያየላት ሰው አልነበረም። የጓደኛዋ ወንድም ግን ከጎንደር ወደ ካርቱም የሚመላለስ የኮምፒውተር ባለሙያ ነው፤ የዚያን ሰሞን አንድ መነጽር ይዞ እንደሚያልፍ መልእክት ላከላት። ምናባዊ እውነታ ይሉታል። ዓይንህ ላይ ሲታሰር ሥዕሉን ማየት ትተህ ሥዕሉ ውስጥ ትገባለህ፤ ዞር ብትል ከኋላህም ሜዳ አለ። «ጨዋታሽ በዚህ ከሠራ ካርቱም ጨዋታ ለሚሠሩ ጓደኞቼ አሳይልሻለሁ» አላት። «የማድረው ግን አንድ ሌሊት ነው። በማግስቱ የድንበሩ ኬላ ሳይዘጋ መሻገር አለብኝ።»

ሳምንቱን ሙሉ መነጽሩን ሳታየው፣ መመሪያ እያነበበች፣ ጨዋታዋን ለመነጽር አዘጋጀች። ዓይነ ስውር ሙሽራን እንደሚኩል ማለት ነው። እሱም ማታ መጣ፣ መነጽሩን ትቶላት ሊያድር ሄደ። ጠዋት ሞካሪ ስትፈልግ እኔን አገኘች። በጨዋታው ውስጥ የሠራተኞቹ ዳስ ገብቼ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋቢውን አጣፍቶ ብቅ አለና ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ምን እንደሆነ ነግሬያችኋለሁ።

«አጎቴ፣ እንዳይንቀሳቀሱ» አለችኝ። የምትቆጣ ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ ግን በለሆሳስ ነበር የተናገረችው። የፈራሁት ይሄኔ ነው። መነጽሩ ጨልሟል፤ ወለሉን ስትዳብስ ብቻ ይሰማኛል።

«ሽማግሌው ሲገባ ጊዜ…» አልኩ።

«ሽማግሌው እርስዎ ነዎት እኮ።»

«ድምፄ ይህን ያህል ግርማ እንዳለው በምን ልወቅ?»

አልሳቀችም። የሳምንቱ ሥራ ያለው እዚያ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነበር።

መነጽሩን ፈትታ ከበርጩማዬ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ላፕቶፑን እንደ አራስ ልጅ ጉልበቷ ላይ አድርጋ ማስነሻውን ተጫነች። ምንም። ደገመች። ምንም። ባትሪውን አውጥታ መለሰችና እንደገና ተጫነች፤ እኔ የማውቃቸውን ቅዱሳን ሁሉ ጠርቼ የማላውቃቸውን ልጀምር ስል ማራገቢያው አጓራ። ጥጉ ተሰንጥቋል፣ ድምፁ የወፍጮ ቤት ነው፣ ሥራዋ ግን አለ። መጀመሪያ ወደ ፍላሽ ገለበጠችው። ከዚያ ዞር ብላ አየችኝ። ወፍጮው ይሻል ነበር።

ባለመነጽሩ የመጣው ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ነው፤ ሻንጣውን በሩ ሥር አስቀመጠ። ሚኒባሱ መናኸሪያ እየሞላ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ እየነደደ ስለነበር እኔ በካርቶን እንዳራግብ ተመደብኩ፤ ለሰው ሳይሆን ለላፕቶፑ።

መነጽሩን አስሮ በሰሊጡ ማሳ መሄድ ጀመረ። ጥቂት እንደሄደ ግድግዳውን ያዘ። ፊቱ ላይ ላብ ችፍ አለ። ፈትቶ ተቀመጠ።

«ሥዕሉ ይጎተታል» አላት። «አንገቴን ሳዞር ማሳው ዘግይቶ ይከተለኛል። አዞረኝ። እህቴ፣ ይህን ይዤ ሰው ፊት ብቀርብ አንቺንም አዋርድሻለሁ።»

ስልኩ ጮኸ። ሹፌሩ ነው፤ ድምፁ እስከ እኔ ይሰማል። «ያላ፣ ቶሎ በል፣ አንድ ሰው ነው የቀረኝ!»

«ሲሞላ በዚህ በኩል እለፍና ውሰደኝ» አለው። ወደ እሷ ዞረ። «እስኪመጣ ጊዜ አለሽ።»

ከንፈሯን ነክሳ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። እኔም ካርቶኔን ይዤ አፈጠጥኩ፤ የማውቀው ነገር ኖሮኝ አይደለም።

«ሰሊጡ ነው» አለች በመጨረሻ። «አገዳው ሁሉ ለቀኝ ዓይን አንድ ጊዜ፣ ለግራ ዓይን አንድ ጊዜ ይሳላል። ላፕቶፑ አልቻለም።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«አጭደዋለሁ።»

እውነትም አጨደችው። የቆመውን አገዳ ሁሉ ከማሳው አጠፋችና የታሰረ ነዶ ክምር እዚህም እዚያም አቆመች። ጨዋታው ከአጨዳ በፊት የነበረው ከአጨዳ በኋላ ሆነ። በዚህ አገር ያን የሚያህል እርሻ ያለ ሠራተኛ፣ ያለ ጠላ፣ ቁጭ ብሎ ያጨደ ባለሀብት አላየሁም። እንዲህ ብዬ ልቀልድ አፌን ስከፍት ውጭ የሚኒባሱ ጥሩምባ ተነፋ። አፌን ዘጋሁ።

«አንዴ ብቻ» አለችው። መነጽሩን ዘረጋችለት።

ሰዓቱን አይቶ መነጽሩን አሰረ። እሷም ካርቱም የሚሄደውን ናሙና ቪዲዮ የክፍሉን ድምፅ ጨምራ መቅዳት ጀመረችና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አየችኝ። ማራገቡ ቀርቶልኝ ገመድ ያዥ ሆኜ ነበር። ሰውየው ሲዞር እዞራለሁ፣ ሲቆም እቆማለሁ፤ የካባ ጫፍ የያዘ ሚዜ መስያለሁ፣ ሙሽሪት በሌለችበት።

በማሳው ሄደ። ግድግዳውን አልያዘም። አንገቱን ወደ ነዶው አዞረ፣ መለሰ፣ ወደ ሰማዩ ቀና አለ። እሷ ፊቱን ነው የምታየው፤ ላብ ትፈልጋለች። ዳሱን አገኘ፣ ገባ፣ በእጁ ዳብሶ የእኔን በርጩማ አገኘና ተቀመጠ። ጥሩምባው ረዘም ብሎ ተነፋ። አልሰማውም።

ሽማግሌው በር ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ጠረገ።

ሰውየው ብድግ አለ። «ኖር!»

ገመዱ ተወጠረ። ተከትዬው ስለተንጠራራሁ ላፕቶፑ ካለበት ንቅንቅ አላለም። እሱ ግን አንገቱን ሰበር አድርጎ እንደቆመ ነው። «በእግዜር» እስኪሉት ይጠብቃል። ሰው ብድግ ሲልልህ ሌላ ምን ትላለህ? እኔ ሳነብ ያን ቃል አላነበብኩትም፤ በስክሪን ሲጫወት ማን ለማን ይነሣል ብዬ? አሁን ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ የሽማግሌው ድምፅ ባለቤት ቆሜአለሁ፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነው፣ ጣቷ ከንፈሯ ላይ ነው። ዋጥኩት።

የጨዋታው እኔ፣ ያ ስድ፣ ምንም እንዳልተባለ «ከወዴት ነህ፣ ልጄ?» ብሎ ወሬውን ቀጠለ። ሰውየው ትንሽ ቆሞ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

መነጽሩን ሲፈታ ፊቱ ደረቅ ነበር። «ይሠራል» አላት። «ኸላስ፣ አለቀ፣ ስጪኝ።» እሷ ጨዋታውንም ቪዲዮውንም ፍላሹ ላይ ገለበጠችለት። ፍላሹን ልትነቅል ጎንበስ ብላ ጎንበስ እንዳለች ቆየች፤ ትከሻዋን አይቼ ፊቴን አዞርኩ።

ፍላሹን ኪሱ ከትቶ በሩ ላይ ቆም አለ። «አባት፣ ሽማግሌዎ ኩሩ ነው። ኖር ብለው ዝም አለኝ።»

ያኔ «በእግዜር» ብዬ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን ቀልድ ካማረኝ ሌላው ሁሉ ይጠፋኛል። «ለጎንደሬ አይመልስም» አልኩት። ሳቀ፣ ሚኒባሱ ላይ ዘሎ ወጣ፣ በመተማ ዮሐንስ መንገድ ወደ ድንበሩ ሄደ።

ሰንበት ብሎ ከካርቱም መልእክት ላከ። ጓደኞቹ ጨዋታውን ተሻምተውታል፤ የሷ የሆነውን ሁሉ እንድትልክላቸው ጠይቀዋል። ሽማግሌው ሲገባ እነሱም ተነሥተዋል፤ በየቋንቋቸው ሰላም ብለውት እነሱንም ዝም ብሏቸዋል። እሷም ያንኑ ሳምንት አስተካከለችው። መነጽሩ ጭንቅላት ከፍ ዝቅ ሲል ያውቃል፤ ተጫዋቹ ብድግ ሲል ሽማግሌው «በእግዜር፣ አይነሡ» ይላል። ያን ቃል ስትቀዳኝ ድምፄን አሳምራለሁ ብዬ እስክትሰለች አስደገምኳት።

እንግዲህ ካርቱም ያሉት ሁሉ መልሳቸውን አግኝተዋል። ባለመነጽሩ በዚያው ሥራ አግኝቶ ቀረ፤ በእኛ መንገድ አልተመለሰም። መጀመሪያ የተነሣው ግን እሱ ነው፤ ገመዱን ይዤ አጠገቡ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። የእሱ ዕዳ በድምፅ ቅጂ የሚከፈል አይደለም። ሚኒባስ ደጃፌ ሲቆም ዛሬም ከዘራዬን ተደግፌ ቀና እላለሁ፤ ያ ሰው ከወረደ አንድ «በእግዜር» አለብኝ።