ያልተሞረደው ናስ

ይህን ነገር ለልጆቼ እንኳ አውርቼው አላውቅም፤ አፍሬ ነው። በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ግድም መካነ ሰላም ላይ ባለ ፎቅ ሆቴል ሲሠራ፣ በእንግዳ መቀበያው ደረጃ ጠርዝ ላይ ናስ የገጠምኩት እኔ ነኝ። ሥራውን በሙያዬ ያገኘሁት እንዳይመስላችሁ። ብረት የሚነካ ሰው በክፉ ዓይን በሚታይበት አገር ባለቤቱ እኔን ቤቱ ለማስገባት አመንትቶ ነበር። ሄደው፣ "ልጄ ነው፤ ለሱ እኔ አለሁ" ያሉልኝ ቁርአን ያስቀሩኝ ሸኽ ናቸው።

ሙያውን የተማርኩት ደሴ ነው። እዚያ ፎቅ የሚወጣ ሰው ሁሉ ጫማውን እንዳደረገ ነው የሚወጣው። ናሱን በየደረጃው ልክ ቆርጬ፣ አጥፌ፣ በብሎን አሰርኩት፤ በሎሚና በአመድ አሽቼ ፊት እስኪያሳይ ወለወልኩት። ላዩን በደንብ ሞርጄዋለሁ። ወደ ታች የታጠፈውን ስለታም ከንፈሩን ግን ተውኩት። ለምርቃቱ የቀረኝ አንድ ቀን ነበር፤ ደግሞስ ማን ያየዋል፣ ጫማ ምን ያውቃል አልኩ።

በምርቃቱ ቀን ቄሱ ጠበል እየረጩ ደረጃውን በጫማቸው ወጥተው ወረዱ። ቀጥሎ ዱዓ ለማድረግ የሸኹ ተራ ሆነ። ደረጃው ሥር ሲደርሱ ጎንበስ ብለው ናሱን አዩት፤ ወደኔም ዞረው ፈገግ አሉ። ከዚያ ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስቀመጡ። ክው አልኩ። ስንት ዓመት በሳቸው ደጃፍ ጫማዬን እያወለቅኩ የገባሁ ሰው፣ እንደ ሸኹ ያለ ሰው ያማረ ወለል በጫማ እንደማይረግጥ እንዴት ይጠፋኛል? አንድ ቃል ባወጣ ይበቃ ነበር። በዚያ ሁሉ እንግዳ ፊት ጥፋቴን መናገር ሞት መሰለኝና ዝም አልኩ።

አራተኛው ደረጃ ላይ የናሱ ከንፈር አውራ ጣታቸውን ቆረጠውና በጉልበታቸው ወደቁ። ደሙ ናሱ ላይ ፈሰሰ። ባለቤቱ ያፈጠጠው እሳቸው ላይ ሳይሆን እኔ ላይ ነበር። ምን ሆነው ነው ብሎ ሲጠይቀኝ አፌ ቀደመኝ።

"እርጅና ነው፤ አዳልጧቸው ነው" አልኩ።

በዚያው ወር እንኳ ከላላ ከተማ ድረስ በእግራቸው ደርሰው የተመለሱ ሰው ናቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ጣታቸውን ምን እንደቆረጠው ያውቁታል።

"እውነቱን ነው፤ ጉልበቴ ከዳኝ" አሉ ለባለቤቱ።

እንግዳው ሲበተን የሁሉንም ደረጃ ከንፈር ሞረድኩ። በሦስተኛው ቀን አፉ በሉኝ ልላቸው ቤታቸው ሄድኩ። አላስጨረሱኝም፤ ሞርደኸዋል ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ።

"በቃ፣ አብሽር" ብለው ቁርአን ወደሚቀሩት ደረሶቻቸው ዞሩ።

ጣታቸው ዳነ። የኔ ቃል ግን ከተማው ውስጥ ቀረ። ሸኹ ደከሙ ተባለ። ከላላ ለመሄድ ሲነሱ በቅሎ ይጫንላቸው፣ ሰውም ይከተላቸው ጀመር። በመስጊዱ ደጃፍ ያገኛቸው ሁሉ ክንዳቸውን ይይዛል። አንድ አርብ ከስግደት ስንወጣ አጠገባቸው የነበርኩት እኔ ነኝ፤ ሰዉም እንድይዛቸው አየኝ። ያዝኳቸው። ክንዳቸው እንደ ድሮው ብርቱ ነበር። እሳቸውም ሰጡኝ፤ እርምጃቸውንም ቀስ አደረጉልኝ።