በሁዳዴ ጉንጭ ሙሉ ውሃ

አታምኑኝም፤ ቢሆንም ልንገራችሁ። እኔ የሦስተኛ ክፍል ተማሪ ሆኜ፣ አንዲት ቃል ሳልተነፍስ፣ መንዝ ውስጥ ሊፈስ የነበረ ደም አስቁሜያለሁ። ሽማግሌ አልላክሁም፣ ፖሊስ አልጠራሁም። መሣሪያዬ ጉንጬ ነበር። ይኼን ባወራሁ ቁጥር ሰው "ደግሞ ጀመረው!" ይላል። ይበል።

ትናንት ጥርሴን ያከመኝ ጎረምሳ "ጋሼ፣ ይጉመጥመጡና ይትፉት" ብሎ ብርጭቆ አቀበለኝ። ውሃው ቀዝቃዛ ነበር። አፌን ሞላሁና መትፋቱን ረሳሁት። እሱ "ምነው፣ አመመዎት?" ይላል፤ እኔ ጉንጬን ነፍቼ በመስኮት አያለሁ። የመድኃኒቱ ሽታ ጠፍቶ የገንቦ ጭቃ ሸተተኝ፣ በጠዋት ጉም የራሰ የበግ ጠጉር ባና፣ የልጅ ላብ።

ደርግ ወድቆ፣ የመሬት ድልድሉ የመጣ ሰሞን ነው። አስተማሪያችን፣ "እትዬ" ነበር የምንላት፣ ከወደ መርሐቤቴ ከቆላው መጣች። የእኛ አገር ሰው ከቆላ የመጣን እንግዳ መጀመሪያ እግሩን ያያል፣ ቀጥሎ ዓይኑን፤ ሰላምታውን የሚመልሰው መጨረሻ ላይ ነው። እሷ ደግሞ ድምፅዋ ለስላሳ፣ እጇ ባዶ። "አስተማሪ ሆና አለንጋ የማትይዝ፣ ምን ደብቃ ነው?" አለች እናቴ።

ያኔ ከሞላሌ እስከ ዘመሮ እንደኔ ያለ ተደባዳቢ አልነበረም። እሺ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር እስከ ወንዙ እንበል። አንድ ቀን የጎኔን ልጅ በቡጢ አነሣሁት። እትዬ ጠራችኝ። ለዱላ መዳፌን ዘረጋሁ፤ እሷ ግን መዳፌን ይዛ ጠየቀችኝ።

"ንዴቱ የት ላይ ነው የያዘህ?"

"እጄን። ይበላኛል።"

"ሌላስ?"

"ጆሮዬን ያቃጥለኛል።"

"ጎበዝ፣ አወቅኸው። እንግዳ ደጅህ ሲመጣ ማን ነህ ሳትለው ታስገባዋለህ?"

"ኧረ ውሻ ነው የምለቅበት!"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ሳቀች። በማግስቱ ክፍሉ ጥግ ላይ ገንቦና ጣሳ አስቀመጠች። ሕጉ ቀላል ነው፤ የተናደደ ልጅ ሳያስፈቅድ ይነሣል፣ አፉን ውሃ ይሞላል፣ አይውጥም፣ በሩ ላይ ቆሞ ተራራውን እያየ በአፍንጫው ቀስ ብሎ ይተነፍሳል። ንዴቱ ማን እንደሆነ እስኪለየው ድረስ። ከዚያ ወጥቶ ከክፍሉ ጎን የተከለችው ጎመን ላይ ይተፋዋል።

እኔ መጀመሪያ ገንቦውን አሸተትሁ። ውስጡ የመድኃኒት ቅጠል ይኖረው እንደሆነ አየሁ። "እትዬ፣ ቀድመሽ ቅመሺልኝ" አልኋት። አልተቆጣችም፤ እንደ ጠላ ቀጂ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችልኝ። የመንዝ ውሃ በጠዋት ጥርስ ያስለቅሳል። እሱን ይዘህ የሰው ስድብ ማሰብ አትችልም። ቀስ በቀስ ጆሮዬ በረደ፣ እጄም መብላቱን ተወ። የዚያ ዓመት የእትዬ ጎመን በኛ ንዴት ነው ያደገው።

ወሬው ግን መንደር ገባ። እናቴ ማታ ማታ "እስቲ ተንፍስብኝ" እያለች አፌን ታሸታለች። በድልድሉ ከአባቴ ጋር ድንበርተኛ የሆነውና የድንበሩን ድንጋይ ገፋህ፣ ገፋህ ሲባባል የከረመው ጎረቤታችን፣ አባቴን ባገኘው ቁጥር "ልጅህ ሲሰድቡት እንደ እንቁራሪት ይነፋል አሉ!" ይለዋል። አባቴ ቤት ገብቶ በኔ ይጮኻል። "ነገ እኔ ስሞት ድንበሬን በጉንጭህ ልትጠብቅ ነው?"

ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ነገሩ ከበደ። እኛ ልጆቹ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፤ የገንቦው ውሃ አፋችን የሚገባው ግን ጠዋት ነው። "ጾም ልታስገድፍ ነው የተላከችው" ተባለ። ማን እንደላካት አንዱም አያውቅም፤ መላኳን ግን ሁሉም ያውቃል።

አንድ ዓርብ፣ ጾሙ ሳይፈታ፣ አገሩ ትምህርት ቤቱ ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። የነፍስ አባታችን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ጭራቸውን ያወዛውዛሉ። ገንቦው መሐል ላይ ብቻውን እንደ ተከሳሽ ቆሟል።

"አንቺ ልጅ፣ ይኼ ውሃ ምንድን ነው?"

"ከእናንተው ምንጭ የተቀዳ ነው፣ መምሬ። አይዋጥም።"

"የሕፃን አፍ ውስጥ የገባ ውሃ አይዋጥም?"

"ጉሮሮው መዝጊያ አለው እንዴ!" አለ ጎረቤታችን። ሰው ሳቀ። እትዬ አልሳቀችም፤ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥማለች።

መምሬ ፈረዱ። "አንዱ ልጅ እፊታችን ይያዝ። ጠብታ ከዋጠ፣ ዛሬውኑ ዕቃዋን ትጫን።"

ልጁ ሁሉ መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ማን ወጣ? እኔ። አፌን ሞላሁና ቆምሁ። ሰዉ ጉሮሮዬን እንደ ሌባ ይጠብቀዋል። ጎረቤታችን ዙሪያዬን ዞረ፤ ሊያስቀኝ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ሊያናድደኝ ፈለገ።

"እዩት! አባቱም ድንበር ሲገፋ ሌሊት እንዲህ ነው ጉንጩን የሚነፋ!"

እኛ አገር ይኼ በሸንጎ ፊት ከተባለ ወዲያ ያለው ዱላ ነው። የአባቴ ዱላ ወደ ላይ ወጣ። ጎረቤታችንም የራሱን አነሣ። "አባዬ!" እንዳልል፣ አፌን ከከፈትሁ ዋጠ ተብሎ እትዬ ትሄዳለች። ብውጥም ትሄዳለች። ያንን ጣሳ ከገንቦው ሞላሁና የአባቴን ባና ጎትቼ ጣሳውን ደረቱ ላይ ለጠፍሁት። ውሃው ደረቱ ላይ ፈሰሰ፤ ደነገጠና ወደ ታች አየኝ። ጉንጬ ተወጥሯል፣ እንባዬ ይወርዳል፣ አፍንጫዬ እንደ ዋሽንት ያፏጫል።

ምን እንዳሰበ አላውቅም። ጣሳውን ተቀበለኝና አንድ ጉንጭ ሙሉ ያዘ።

ሰዉ ጠቡን ረሳው። በሁዳዴ ዓርብ፣ ጾሙ ሳይፈታ!

"ዋጠ?"

"አልዋጠም!"

"ማንቁርቱ ተነቃነቀ እኮ!"

"ዝም በል፣ ምራቁን ነው!"

መምሬ ከድንጋያቸው ተነሥተው የአባቴን ጉሮሮ ሊያዩ አጎነበሱ። ጎረቤታችን ዱላውን እንዳነሣ፣ የሚመታው ሰው ጉንጩን ነፍቶ ሲያየው ምን ያድርግ? አባቴ በአፍንጫው ተነፈሰ። ደግሞ ተነፈሰ። ዱላው ቀስ እያለ ወርዶ መሬት ነካ። ከዚያ ወደ ጎመኑ ሄዶ ተፋው። እኔም አጠገቡ ተፋሁ።

"እኔ እኮ ለቀልድ ነው" አለ ጎረቤታችን።

"ለቀልድ ከሆነ፣ ነገ ሽማግሌ ይዘን ድንጋዩን አብረን እናየዋለን" አለ አባቴ። ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። እኔ ያን ድምፁን ያን ቀን ነው ያወቅሁት።

መምሬ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "ጉሮሮ ካላለፈ ጾም አልተገደፈም። ገንቦው ግን በየጠዋቱ ሰው እያየ ይታጠብ።" ደግሞ ሲሄዱ አሸተቱት። ጥርጣሬ እኛ አገር እንደ ገብስ ነው፤ ብርድ አይገድለውም። እስከ ሰኔ ድረስ በዚያ ያለፈ ሁሉ ገንቦውን ሳያሸት አላለፈም።

እትዬ ዓመቱን ጨረሰች። ከዚያ እናቷ ወዳሉበት ተዛወረች። ሣጥኗን በበቅሎ ጭኖ ሞላሌ ድረስ የሸኛት አባቴ ነው። ሲመለስ "ምን አለችህ?" ብዬ ብጠይቀው "ምን ትለኛለች" አለኝና የበቅሎዋን መጫኛ መፍታት ጀመረ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ከትምህርት ወጣሁ። ከዚያ ወዲያ የማውቀውን ሁሉ ራሴን በራሴ ነው ያስተማርሁ፤ ማንም አይመጻደቅብኝ። ይቺን አንዷን ግን ያስተማረችኝ እሷ ናት።

አባቴ ነገር የገነፈለበት ቀን ጣሳ ይዞ ወደ ጓሮ ይዞራል። "ምነው?" ሲሉት "ጥርሴን" ይላል። ድንጋይ የሚቆረጥም ጥርስ ነበረው። አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ ውሃ በማንኪያ እሰጠው ነበር። አንድ ቀን ያዘውና ሳይውጠው ዓይን ዓይኔን አየኝ። መዋጥ አቅቶት ይሁን፣ ተናዶብኝ ይሁን፣ ሊያስቀኝ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እኔ ግን ሳቅሁለት። ከዚያ ወጥቼ አለቀስሁ።

ውሸት ነው የምትሉ ሂዱና ጠይቁ። ከሞላሌ ዘልቃችሁ የጎረቤታችንን ቤት አሳዩን በሉ። አርጅቷል፤ መጀመሪያ "ያ ቀጣፊ ነው የላካችሁ?" ይላችኋል። ታገሡት። የአባቴ ዱላ አናቱ ላይ ስላላረፈ፣ አንዱንም ነገር አልረሳም።