ሳይሰናበቱ መውጣት

ልብስ ተኳሿ ለልጇ የሕፃናት ማቆያ የመረጠችው ልብስ እንደምትመርጠው ነበር፤ ገልብጣ ስፌቱን አይታ። ሦስት ቦታ ዞራለች። ወጥ ቤት ገብታ ድስት ከፍታለች፣ ፍራሽ አሽትታለች፣ አንዲት ሞግዚት ስንት ልጅ እንደምትይዝ ቆጥራለች። «ከጤና ቁጥጥር ነው የመጣሽው?» ብለው እስኪያሾፉባት ድረስ።

ከሁሉም ደስ ያላት ቢጫ በር ያለው ነበር። ያስከፏት ኃላፊዋ ናቸው። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ «ስትሄጂ ዓይን ዓይኗን እያየሽ ‹ሄጃለሁ፣ እመለሳለሁ› ትያታለሽ። ታለቅሳለች፤ ታልቅስ። ተደብቆ መውጣት እዚህ ቤት የለም» አሏት።

«እያለቀሰች ጥያት ልሂድ?»

«አዎ የኔ ልጅ።»

ከግቢው እንደወጣች ለታላቅ እህቷ ደወለች። «ድንጋይ ናቸው ሴትዮዋ!»

እህቷ ሦስት ያሳደገች ናት፤ መልስ አታጣም። «ምን አስጨነቀሽ? እኔ ሁሉንም ‹ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ› እያልኩ ነው ውልቅ ያልኩት። አንዳቸውም ምንም አልሆኑ።»

ስለዚህ ከምትሠራበት ሆቴል ጀርባ ያለውን ማቆያ መረጠች። ልጅቷ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። በመጀመሪያው ቀን፣ «ሽንት ቤት ደርሼ መጣሁ፤ እዚሁ ጠብቂኝ፣ እሺ?» አለቻት። «እሺ።» በጓሮ በር ውልቅ። አንዲት ጠብታ እንባ የለ። ሥራ ስትደርስ ካውያው ገና አልጋለም ነበር። በማግስቱም እንደዚያው፣ በሦስተኛውም ቀን።

ሳምንት ሳይሞላ ሞግዚቶቹ ለልጅቷ «ዘበኛዋ» የሚል ስም አወጡላት። «ዘበኛችን ዛሬም ከሥራዋ ንቅንቅ አላለችም» እያሉ ሲስቁ እናትም አብራ ትስቃለች። ልጄ ኮስተር ብላ ሌሎቹን እየተቆጣጠረች ነው ብላ ገምታ ነበርና፣ ሥራ ቦታ ሳታወራው የዋለችበት ቀን አልነበረም።

«የኔዋ እኮ ከአሁኑ አለቃ ሆናለች!»

«ታዲያ በማን ወጥታ!» ትላታለች አንሶላ አብራት የምታጥፈው ጓደኛዋ።

ቤት ውስጥ ግን ልጅቷ ሌላ ሰው ሆነች። እናቷ ከተነሳች ትነሳለች፤ ከተቀመጠች ቀሚሷን ጨብጣ ትቀመጣለች። እናቷ ሽንት ቤት ስትገባማ በሩን በሁለት እጇ ትደበድባለች። «ጥርስ ይሆናል» አለች እህትየው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ሐሙስ፣ መብራት ጠፋና የልብስ ክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ላይ ተለቀቀ። እናት ልጇን ልትወስድ በደስታ ገሰገሰች። ልጆቹ ግቢው ውስጥ የእንጨት መጫወቻ ይደረድራሉ። የእሷ ልጅ የለችም።

«ዘበኛዋማ ቦታዋ ናት» አለች ሞግዚቷ፣ በአገጯ ወደ ኮሪደሩ እየጠቆመች።

ኮሪደሩ መጨረሻ፣ ሽንት ቤቱ አጠገብ፣ ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። የጠዋት ሹራቧን እንኳ አላወለቀችም። አንድ ሕፃን ሱሪውን ይዞ ሊገባ ሲል እጇን ዘረጋችበት።

«ቆይ! እማዬ ውስጥ አለች።»

«ሁልጊዜ እንዲህ ናት» ሳቀች ሞግዚቷ። «ምሳዋንም እዚያው ነው የምናበላት። ምን እንደሆነች እንጃ።»

እናትየዋ ግን ገባት። ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ጋለች። አንሶላ እያጠፈች ያወራችው፣ የሳቀችው፣ የተኩራራችው ሁሉ አንድ በአንድ መጣባት። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

ልጅቷ ዞር ስትል አየቻት። አልሮጠችም። የተዘጋውን በር አየች፣ ከዚያ እናቷን።

«እማዬ፣ ጨረስሽ?»

ሞግዚቷ ሳቋን አቋረጠች። እናት ተንበረከከች። «እዚህ አልነበርኩም የኔ እናት። ሥራ ነበርኩ። ዋሽቼሽ ነው።» ልጅቷ በሩን ገፋ አድርጋ ውስጡን አየች። ባዶ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እናት ልጇን አዝላ ቢጫው በር ፊት ቆማ የሆነውን ሁሉ ለኃላፊዋ ተናገረች። ኃላፊዋ «ነግሬሽ ነበር» ቢሏት ይቀላት ነበር። አላሉም።

«ስንት ጊዜ ሆነ?»

«ሦስት ሳምንት» አለች ወለሉን እያየች።

«ሰኞ አምጫት። አንድ ሰዓት አብረሻት ትቆያለሽ፤ ከዚያ ተሰናብተሻት ትሄጃለሽ።»

ሰኞ ዓይን ዓይኗን እያየች ተሰናበተቻት። ጩኸቷ እስከ አስፋልቱ ተከተላት። ያን ቀን የስንት ሰው ሸሚዝ እንደተኮሰች አታውቅም።

አስር ሰዓት ላይ ደረሰች። ልጅቷ ዓይኗ አብጧል። መንገድ ላይ፣ «ነገም ትሄጃለሽ?» አለች።

አይ፣ ልትላት ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«እሄዳለሁ። አስር ሰዓት ላይ ደግሞ እመጣለሁ።»

ልጅቷ እጇን ከእናቷ እጅ መንጭቃ አኩርፋ ቀድማ ሄደች። ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ አብረው ሲሆኑ፣ ከእናቷ አንድ እርምጃ ርቃ አታውቅም ነበር። እናትም አንገቷን ደፍታ፣ «ቆይ ጠብቂኝ» ለማለት እንኳ አፍራ፣ ከኋላዋ ቀስ ብላ ተከተለቻት።