ራዲያተር ያለው ኮምፒውተር

አባቴ ጅማ ታክሞ ቴፒ ወደሚገኘው ቤታችን በተመለሰበት ሰሞን እኔ ኮምፒውተር እየገጣጠምኩ ነበር። ሁለቱ የተገናኙት በአጋጣሚ ነው። ዕቃዎቹን ትንሽ ትንሽ እያልኩ ስሰበስብ ከርሜ፣ የመጨረሻው ዕቃ፣ ያገለገለ ግራፊክስ ካርድ፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ሲደርሰኝ አባቴም በሰው ተደግፎ ከመኪና ወረደ። ስትሮክ ነው አሉን ሐኪሞቹ። ንግግሩ ቀስ በቀስ ተመለሰለት። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን እንደ ድሮው አልሆኑም።

አባቴ ሾፌር ነው። ነበር ማለት እስካሁን ይከብደኛል። ከቴፒ ቡና ጭኖ በሚዛን፣ በቦንጋ አድርጎ ወደ ላይ ሲወጣ፣ ሲመለስ ደግሞ ስኳርና ሲሚንቶ ይዞ ሲወርድ ነው ያደግኩት። በገዛ ቤቱ እንግዳ ነበር ቢባል ውሸት አይሆንም። ይመጣል፣ ይታጠባል፣ ይተኛል፣ የመኪናውን ጎማ ዞሮ ያያል፣ ይሄዳል። ስለዚህ በረንዳ ላይ ቁጭ ብሎ የሚውል አባት ድንገት ሲኖረን እናቴም እኔም ምን እንደምናደርገው አላወቅንም። እሱም አላወቀም። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ይቀመጥና የሚያልፈውን መኪና ድምፅ ያዳምጣል። አንዳንዴ ሳያየው "ይሄ ከአቅሙ በላይ ጭኗል" ይላል። ለማን እንደሚናገር ግን አይታወቅም ነበር።

እኔ የቤት ፕላን በኮምፒውተር እሠራለሁ፤ የሠርግ ሰሞን ደግሞ ቪዲዮ አቀናብራለሁ። አዲሱ ኮምፒውተር ለሥራ ነው ብዬ ነበር ለእናቴ የነገርኳት። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ጌም ነው። ሚዛን ተፈሪ ስማር ከክፍል ስወጣ ቀጥ ብዬ የምሄደው ወደ ጌም ቤት ነበር፤ ብዙ ጊዜ እዚያ ከእኔ ሌላ ሴት አይኖርም። ያኔ ያማረኝ ነገር ሳይወጣልኝ ትልቅ ሰው ሆንኩ። እናቴ በቤተ ክርስቲያን የዝማሬ ቡድን ውስጥ ያለች፣ ጨዋታና ቁም ነገር ለይታ የምታስቀምጥ ሴት ናት። ምግብ የምንበላበትን ጠረጴዛ በሽቦና በብሎን ሞልቼው ስታይ "ይሄ ነገር ሲያልቅ ምን ይሆናል?" አለችኝ። "ኮምፒውተር" አልኳት። "ኮምፒውተር አለሽ አይደል እንዴ?" አለችና ሳህኖቹን ይዛ ወደ ውጭ ወጣች።

ገጣጥሜ የጨረስኩት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው። ያን ቀን ቆርቆሮው ጋለ። ቴፒን ለማያውቅ ሰው፣ እዚህ ሙቀቱ ደረቅ አይደለም፤ እርጥብ ፎጣ እንደ መልበስ ነው። ዝናብ ሊመጣ ሲል ደግሞ ይብሳል። አንድ ከባድ ጌም ከፍቼ ገና መጫወት ስጀምር የኮምፒውተሩ ማራገቢያዎች እንደ ወፍጮ ቤት ጮኹ። ብዙም ሳይቆይ ስክሪኑ ጨለመና ሁሉም ነገር ፀጥ አለ።

"ፈላ እንዴ?" አለ አባቴ ከበረንዳው።

በሾፌር ቋንቋ ሞተር ሲግል ፈላ ነው የሚባለው። ሳቄ መጣ። "አዎ፣ ሳይፈላ አልቀረም" አልኩት።

"ራዲያተር የለውም?"

"የለውም አባዬ። በነፋስ ነው የሚቀዘቅዘው።"

"እዚህ አገር ነፋስ የት አለ?" አለ።

ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ ጥያቄ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነበር። ወንበሬን ይዤ ወጣሁና አጠገቡ ተቀመጥኩ። በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር መሥራት እንደሚቻል፣ በቪዲዮ ደጋግሜ እንዳየሁት፣ ግን ውሃና ኤሌክትሪክን አንድ ሣጥን ውስጥ ማስገባት ስለሚያስፈራኝ እንደተውኩት ነገርኩት። አሠራሩንም አስረዳሁት። ትንሽ ፓምፕ ውሃውን ትገፋለች፤ ውሃው በቱቦ ሄዶ የሚግሉት ዕቃዎች ላይ በተጣበቀ የመዳብ ሳህን ውስጥ ያልፋል፤ ሙቀቱን ይዞ ራዲያተር ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ቀዝቅዞ ይመለሳል። አባቴ ሲሰማኝ ቆየና "ታዲያ ምኑ ነው የሚያስፈራው?" አለ። "ዕድሜዬን ሙሉ ስነዳው የኖርኩት ይሄንኑ አይደል።"

ዕቃዎቹን አዘዝኩ። እስኪመጡ ድረስ የነበሩት ሳምንታት ከአባቴ ጋር በሕይወቴ ብዙ ያወራሁባቸው ናቸው። የጀመርነው ከራዲያተር ነው፤ ከዚያ ወደ መንገድ ሄድን። አንዳንዴ በሌላ መንገድ ሲሄድ የሚያገኘውን የጌጫን ዳገት ጭቃና ጉም ነገረኝ። አንድ ጊዜ እዚያ ዳገት ላይ ሞተሩ ፈልቶ ሲቆም፣ ውሃም አልያዘም ነበርና፣ ከማሳቸው የወጡ ሰዎች በቅልና በጄሪካን ውሃ እያመላለሱ ራዲያተሩን እንደሞሉለት አጫወተኝ። ቋንቋቸውን አይችልም፤ እነሱም አማርኛ ብዙ አይችሉም። "ሞተሩ ሲነሳ ሁላችንም አጨበጨብን" አለ። ይህን ታሪክ እናቴም ሰምታው አታውቅም። ከጓዳ ብቅ ብላ "ይሄ መቼ ነው?" ብትለው "አንቺ ይቺን እርጉዝ ሳለሽ" አላት በአገጩ ወደ እኔ እየጠቆመ። እናቴ ተመልሳ ወደ ጓዳ ገባች።

ዕቃው መጣ። በማሽኑ ውስጥ የሚዞረውን ውሃ በተመለከተ ተከራከርን። እሱ ራዲያተር ውስጥ የሚጨመረው የመኪና ኩላንት ይሁን አለ። እኔ የመዳብ ሳህኑ ውስጥ ያሉት መተላለፊያዎች ከፀጉር ብዙም የማይወፍሩ ስለሆኑ ይደፍናቸዋል ብዬ እምቢ አልኩ። በመጨረሻ ከመለዋወጫ ሱቅ የተጣራ የባትሪ ውሃ ገዛሁና ከዕቃዎቹ ጋር የመጣውን የዝገት መከላከያ ፈሳሽ ጠብ አደረግኩበት። ባያምንበትም ተወኝ።

ገጣጥመን ውሃውን የሞላነው አንድ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዋናውን ኤሌክትሪክ ሳላገናኝ ፓምፗን ብቻ ለይቼ አስነሳሁ፤ በየመጋጠሚያው ሥር ሶፍት አነጠፍኩ። ውሃው በጠራው ቱቦ ውስጥ አረፋ እየገፋ ሲሮጥ አባቴ ጎንበስ ብሎ አየው። ከዚያ ግራፊክስ ካርዱ ላይ ካለው መጋጠሚያ አንዲት ጠብታ ወጣች። ሶፍቱ ረጠበ።

"ላልቷል" አለና ፒንሳውን አነሳ።

በቀኝ እጁ ነበር ያነሳው። አየሁት፤ ተው ግን አላልኩትም። ያ እጅ ከበሽታው ወዲህ አንድ ነገር ሊሠራ ሲዘረጋ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አጠበቀው። እጁ የሚበቃው የቱ ጋ እንደሆነ አልነገረውም መሰለኝ፣ ጨመረበት፣ ጨመረበት። ቀጭን የመሰንጠቅ ድምፅ ተሰማ። እንደ ብርጭቆ የጠራው የሳህኑ ክዳን ከጥግ እስከ ጥግ ተሰነጠቀና ውሃው በካርዱ ላይ ተንዠቀዠቀ።

ፓምፗን ነቀልኩ። ፎጣ አመጣሁ። ቀና ስል አባቴ ፒንሳውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ቀኝ እጁን በግራ እጁ ይዞታል።

"አይሰማኝም" አለ። "የያዝኩት ነገር አይሰማኝም።" ከዚያ ምርኩዙን ይዞ ወደ መኝታ ቤት ገባ። ለምሳም አልወጣም።

እኔ ካርዱን ፈትቼ ሳደርቅ እናቴ አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች። "ምን አልሽው?" አለችኝ።

"ምንም አላልኩትም።"

"አላልሽም። ፊትሽን ግን አይቶታል።"

እውነቷን ነበር። ተናድጄ ነበር። ንዴቱ ዕቃው በመበላሸቱ ብቻ አልነበረም፤ ያ እጅ ከእንግዲህ የማይመለስ መሆኑን በዓይኔ ስላየሁት ነው። ይህን ግን እንዴት አድርጌ ልነግረው እችላለሁ?

አባቴ ወደ በረንዳው ተመለሰ፤ ወሬው ግን አብሮት አልተመለሰም። መኪና ሲያልፍም አስተያየት አይሰጥም። ካርዱን አየር በሚያገኝበት ቦታ በጨርቅ ሸፍኜ አስቀመጥኩት። ኤሌክትሪክ ስላልነበረው የመዳን ተስፋ እንዳለው አውቃለሁ፤ እስኪሞከር ድረስ ግን ማረጋገጫ የለም። አዲስ ክዳን አዘዝኩና ጠበቅኩ። በመሃል አባቴን ለማጽናናት ብዙ ነገር አሰብኩ። የማያስፈልግ ሥራ ፈጥሬ ልሰጠው አስቤ ተውኩት። ሕፃን አይደለም፤ ወዲያው ይገባዋል።

ክዳኑ መጥቶ እንደገና መግጠም ስጀምር ግን የሚያስፈልገው ሥራ ራሱ መጣ። ቱቦዎቹን አሳጥሬ መቁረጥ ነበረብኝ። አንዱን ጫፍ ስጎትት ሌላው ይወልቃል፤ ያንን ስመልስ ይሄኛው ይጠማዘዛል። ከነላቤ ወደ በረንዳው ወጣሁ።

"አባዬ፣ ቱቦ የሚይዝልኝ ሰው ቸገረኝ።"

"እናትሽ አለች።"

"ገበያ ሄዳለች።"

"ትመጣለች።"

"አሁን ነው የምፈልገው። በግራ እጅህ ያዝልኝ።"

ግራ እጁን አገላብጦ አየው። "ይሄ እንኳ መሪ ከመያዝ ሌላ ሥራ አያውቅም" አለ።

"እኔም መያዝ ነው የምፈልገው።"

ተነሳ። ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጦ የቱቦውን ጫፍ ያዘ። እጁ ፍንክች አላለም። እኔ ቆረጥኩ፣ አስገባሁ፣ ውሃ እንዳያፈስ የሚያግደው ጎሚኒ በቦታው መቀመጡን በጣቴ አየሁ፣ በእጅ ብቻ አጠበቅኩ። አንድ ጊዜ ብቻ "ያኛውን ስሰብረው ተቆጥተሽ ነበር" አለ። "አዎ" አልኩት። "ደህና" አለ። ለምን እንደሆነ ባላውቅም ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ቀለል አለን።

ፓምፗን አስነስተን ሶፍቱን እያየን ዋልን። ዝናቡ መጥቶ ቆርቆሮውን ደበደበው፤ ሄደ። ሶፍቱ ደረቅ ነበር። ኤሌክትሪኩን አገናኘሁ። ማራገቢያዎቹ ቀስ ብለው ዞሩ፤ ስክሪኑ በራ። ካርዱ ድኗል። ያን ጊዜ ያጠፋውን ያንኑ ጌም ከፈትኩ፤ ማሽኑ ከውሃው ሹክሹክታ በቀር ድምፅ አልነበረውም። አባቴ ግራ እጁን ራዲያተሩ ላይ አድርጎ "ለብ ብሏል፤ ጤነኛ ነው" አለ።

ከነፔዳሉ ጌም መጫወቻ መሪ ያገኘሁት ሚዛን ውስጥ ከተዘጋ አንድ ጌም ቤት ነው። የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም መኖሩን አውቅ ነበር፤ ለአባቴ ግን ቀድሜ አልነገርኩትም። ነዳጁን በግራ እግሩ እንዲረግጥ ፔዳሎቹን አቀያየርኩ፣ ማርሹ በራሱ እንዲቀየር አደረግኩ፣ ጠራሁት። መጀመሪያ ተሽኮረመመ። ከዚያ ወንበሩን ወደኋላ ገፋ፣ ወደፊት ሳበ፣ በስክሪኑ ላይ መስታወቶቹን አየ፣ ፍሬቻ አሳየና ወጣ።

እንደሱ የሚነዳ ሰው በጌም ውስጥ አይቼ አላውቅም። ቀይ መብራት ላይ ይቆማል። ከኋላው ያለውን ያሳልፋል። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሳያበዛ በሞተሩ ይዞ ይወርዳል። አየሁት፤ ቀኝ እጁም መሪው ላይ ነበር፤ ብዙ ባይረዳውም ከግራው ጋር እየተከተለ ይዞር ነበር። ረጅም መንገድ ከሄደ በኋላ ጥግ ይዞ አቆመ።

"ምነው አባዬ?"

"መንገዱ ላይ ሰው የለም" አለ። "አናናስ የሚሸጥ የለም፣ ፍየል የለም፣ እጁን ዘርግቶ አድርሰኝ የሚል የለም። የት ሄደው ነው?"

ደስ ይለዋል ብዬ ያዘጋጀሁት ነገር ያጣውን ጭራሽ አስታወሰው ብዬ ሰጋሁ። እሱ ግን የሚያስብ እንጂ ያዘነ አይመስልም ነበር። "ጥሩ ነው፤ መንዳት ግን አይደለም" አለኝ። ከዚያ በኋላም ሲፈልግ ይነዳል፣ ሳይፈልግ ይተዋል። እጁም በጥቂቱ ሻል ቢለው እንጂ አልዳነም፤ መኪና ከእንግዲህ እንደማይነዳ ሦስታችንም እናውቃለን። አንድ ቀን በራሱ አፍ ተናገረው። መኪናው ለሌላ ሾፌር ተሰጠ።

እናቴ ግን ያልጠበቅኩትን አደረገች። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ አባቴ ሲነዳ ከኋላው ቆማ ስታይ ቆየችና "እስቲ ተነስ" አለችው። ተነሳላትና ተቀመጠች። መኪና ነድታ አታውቅም። በዚያ ሁሉ ዓመት ጉዞው ላይ አብራው የሄደችባቸው ቀናት ጥቂት ናቸው፤ የእሷ ድርሻ መጠበቅ ነበር። ገና ስትነሳ አጥር ውስጥ ገባች።

"ቀስ" አላት። "መሪውን አትታገይው። ዓይንሽ ሩቅ ይሁን እንጂ የመኪናው አፍንጫ ላይ አይሁን።"

እንደገና ሞከረች። ሦስታችንንም ላብ አጠመቀን፤ ማሽኑ ብቻ ነው ያልሞቀው። ዳገት ላይ መኪናው ወደኋላ ሲንሸራተትባት ፍሬኑን ረግጣ ቀረችና መሪውን ጨብጣ ወደ አባቴ ዞረች።

"ስትሠራ የኖርከው ይሄን ነው?" አለችው።

"ይሄ እንኳ አስፋልት ነው" አላት።

እጇን ከመሪው ሳታነሳ መለሰችለት። "ብትነግረኝ ኖሮ እኮ እሰማህ ነበር።"

አባቴ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። "እሺ፣ ፍሬኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ" አላት፤ ግራ እጁን መሪው ላይ፣ እጇ ላይ ደርቦ።